የፊት ነጥብና የእግር ነጥብ

ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ከአንዲት ተማሪያችን ጥያቄ የተነሣ ነው። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ መልሱ ግን ከክፍል አውጥቶ ሰው ቤት ድረስ ወስዶናል።

እዚህ መርሳ በምናስተምርበት ት/ቤት የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ አልቆ ተማሪዎቹ ሲወጡ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ወደ ኋላ ቀረች። ይህች ልጅ ዘወትር ከኋላ ወንበር ጥግ ይዛ የምትቀመጥ፣ የሒጃቧን ጠርዝ እስከ ጉንጯ አጋማሽ ስባ የምትውል ናት። የመርሳን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ግንቦት ላይ እንኳ አትገልጠውም። ዓይን አፋርነት ነው ብለን ሳንጠይቃት ቆይተናል። «ቲቸር፣ ጥቁር ነጥብ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል እንዴ?» አለችን። የምን ነጥብ ብንላት ጠርዙን ትንሽ ዝቅ አደረገችው። ከዓይኗ ሥር ጀምሮ እስከ ጉንጯ ድረስ ኑግ የተበተነባት ይመስል ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ወጥተውባታል።

«እናቴም አለባት፤ የእሷ ከእኔ ይበዛል። አክስቴ ፎጣሽን ለይ፣ ትራስሽን ለይ ትለኛለች» አለችን። ቀጥላ የነገረችን ግን ከዚህ የከበደ ነው። ታላቅ እህቷን ሊያጩ የመጡ ሰዎች የእናቲቱን ፊት አይተው «በዘራቸው በሽታ አለ» በማለት ቀርተዋል። እናቲቱም በዚህ ተቃጥላ የጎረቤት ምክር ሰማች፤ የቅንጭብ ወተት ጉንጯ ላይ ቀባች። ቆዳዋ ተልጦ አንድ ወር ሙሉ ከቤት አልወጣችም። ነጥቦቹ የነበሩበት ቦታ አሁን ነጭ ጠባሳ ሆኗል፤ ከጠባሳው አጠገብ ደግሞ አዳዲስ ነጥቦች ወጥተዋል።

አብሽሪ፣ አይተላለፍም አልናት። ያን ዕለት የመለስንላት ይህን ብቻ ነው። ነገሩን ግን እንዲያው በደፈናው ማለፍ አልሆነልንም። እኛ ባዮሎጂ የምናስተምር እንጂ ሐኪሞች ባለመሆናችን መጽሐፍ ከማገላበጥ ሌላ ወልድያ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ወዳጃችንን ጠየቅን። ያገኘነውን ለእናንተም እናካፍላለን።

እንደሚታወቀው የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ዘወትር ይታደሳል። ከሥር አዳዲስ ሕዋሳት ይፈጠራሉ፤ ወደ ላይ እየተገፉ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም ደርቀው ይራገፋሉ። በእነዚህ የሽፋን ሕዋሳት መካከል ደግሞ ቁጥራቸው ያነሰ፣ ሜላኒን የሚባለውን ቀለም የሚሠሩ ሌሎች ሕዋሳት አሉ። በጥቁርና በነጭ ሰው ቆዳ ውስጥ ያሉት የቀለም ሠሪ ሕዋሳት ቁጥር ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው የሚሠሩት ቀለም መጠንና ዓይነት ነው። (ይህን ክፍል ውስጥ በተናገርን ቁጥር ተማሪዎች አያምኑንም።)

የዛሬው ነገራችን ሁሉ የተመሠረተው በእነዚህ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ልዩነት ላይ ነው። አንዳንዱ ነጥብ ቀለም ሠሪዎቹ ሕዋሳት በአንድ ቦታ ሲሰበሰቡ የሚወጣ ነው። ከልጅነት እስከ ጉልምስና ባለው ጊዜ አካላችን ላይ የምናየው፣ ብዙ ጊዜ «ምልክት» የምንለው ትንሽ ጥቁር ነጥብ ይህ ነው። እሱም ቢሆን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ጉዳት የለውም። ሌላው ዓይነት ግን ምልክት ይምሰል እንጂ ምልክት አይደለም። ቀለም ሠሪዎቹ ሳይሆኑ ተራዎቹ የሽፋን ሕዋሳት ከልክ በላይ ተደራርበው የሚሠሩት ክምር ነው። የተማሪያችንና የእናቷ ነጥቦች ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው።

የሕክምና ስማቸው ረዥም ነው፤ ደርማቶሲስ ፓፑሎዛ ኒግራ ይባላሉ። ጥቁር የቆዳ ፍሬዎች እንደማለት ነው። የሚወጡት በአብዛኛው በጥቁርና በጠይም ሰዎች ላይ ሲሆን ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ ይበዛሉ። በጉርምስና ዕድሜ አንድ ሁለት ብለው ይጀምሩና ዕድሜ ሲጨምር ቁጥራቸውም ይጨምራል። ጉንጭ፣ የዓይን ዙሪያ፣ ግንባርና አንገት ይወዳሉ። ከእናት ወደ ልጅ የሚወርዱት የዓይን ቅርጽ ወይም የፀጉር ዓይነት እንደሚወርደው ነው። ስለዚህ ሊያጩ የመጡት ሰዎች «በዘራቸው አለ» ማለታቸው ትክክል ነበር፤ «በሽታ» ማለታቸው ነው ስሕተቱ። ተሕዋስ የላቸውም፣ በፎጣ አይተላለፉም፣ ወደ ነቀርሳም አይለወጡም።

እነዚህን ነጥቦች በሕክምና ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ የገለጻቸው አልዶ ካስቴላኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ነው። ጊዜው 1925 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያያቸውም በጃማይካ ጥቁር ሕዝብ ላይ ነበር። ይኸው ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ አገራችንን ለወረረው የፋሺስት ጦር የሕክምና አገልግሎት የበላይ ኃላፊ ሆኖ መጥቷል። ስሙን እዚህ ቦታ ማግኘታችን ገርሞናል።

የእነዚህ ነጥቦች ታላቅ ወንድም የሆነ ሌላ እብጠት አለ፤ ሰቦሬይክ ኬራቶሲስ ይሉታል። ከ30 እና ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣ ነው። የአያቶቻችንን ጀርባ ያጠበ ሰው ያውቀዋል። ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ፣ ላዩ ሻከር ብሎ፣ የሻማ ጠብታ ወርዶበት የደረቀ ይመስላል። በጥፍር ቢይዙት ተፈንቅሎ የሚነሣ ይመስላል፤ አንዳንዴም እውነትም ጫፉ ይነሣና ደም ይወጣዋል። ጀርባ፣ ደረት፣ ሰሌንና የፀጉር ጠርዝ ላይ ይወጣል። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ግን አይወጣም። ይህችን ነገር አደራ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን። አልፎ አልፎ ሊያሳክክ፣ ልብስ ሲነካካው ሊቆጣ ይችላል። ከዚያ በተረፈ ከሰውየው ጋር ያረጃል። አንድ ለየት ያለ ነገር ቢኖር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በድንገት በብዛት የወጣ፣ ከዚያም ጋር ሰውየው የከሳና ምግብ ያስጠላው እንደሆነ ሐኪም ውስጡን ሊመረምረው ይገባል። ይህ ግን እምብዛም አያጋጥምም።

አንገትና ብብት ሥር እንደ ትንሽ ሥጋ ተንጠልጥሎ የሚወጣው ቁራጭም ጉዳት የለውም። ወፈር ባሉ ሰዎች፣ በነፍሰ ጡሮችና ስኳር ባለባቸው ላይ ይበዛል። ስለሆነም በብዛት የወጣበት ሰው ለቁራጩ ሳይሆን ለስኳሩ ሲል ቢመረመር ጥሩ ነው።

በየመስጊዳችን የምናያቸው፣ ሶላት ያበዙ አባቶች ግንባር ላይ የሚታየው ጠቆር ያለ ምልክት፣ እንዲሁም ለመቀመጥ የሚያጥፉት እግር ቁርጭምጭሚት ላይ የሚወጣው ጠንካራ እባጭስ? ይህ ቆዳ መሬት ሲነካና ሲታሽ ኖሮ ራሱን ለመከላከል የወፈረበት ነው። የገበሬ መዳፍ እንደሚደድረው ማለት ነው። ሕመም የለውም፤ ምንጣፉ ለስለስ ሲል እሱም ይለሰልሳል። አንዳንድ ወጣቶች ግንባራቸውን ሆን ብለው ሲፈትጉ አይተናል፤ ምን እንደምንላቸው አናውቅም።

የተማሪያችን አክስት ፎጣ ለይ ማለታቸው ከክፋት የመጣ አይደለም። እኛ አገር ከቆዳ ላይ ብቅ ያለውን ሁሉ «ኪንታሮት» እንለዋለን። እውነተኛው ኪንታሮት ደግሞ ከቫይረስ የሚመጣና በንክኪ የሚተላለፍ ነው። ብዙ ጊዜ በጣትና በእጅ ላይ ይወጣል፤ ላዩም እንደ አበባ ጎመን የተሰነጣጠቀ ነው። ከዚህም በላይ በወሎ ምድር ከቆዳ ጋር የተያያዘ ፍርሃት ሥሩ ጥልቅ ነው። ሥጋ ደዌ ያለበትን ሰው ከመንደር ማግለል የትናንት ታሪካችን ነው። ሥጋ ደዌ ግን የሚጀምረው በጥቁር ፍሬ አይደለም፤ ፈዘዝ ባለ ወይም ቀላ ባለ፣ ሲነኩት በማይሰማ የቆዳ ክፍል ነው። እሱም ቢሆን በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት የሚድን ሲሆን መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። በደጋው አካባቢያችን የሚታወቀው ቁንጭርም የተለየ ነው። ሽኮኮ በሚኖርበት ገደል አካባቢ በምትገኝ ጥቃቅን ዝንብ ንክሻ ይመጣል፤ ፊት ላይ እባጭ ሆኖ ይጀምርና ይቆስላል፣ ወራትም ይቆያል። ለሁለቱም ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በአዲስ አበባም በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አለርት ለሥጋ ደዌ ተብሎ ተጀምሮ ዛሬ ለማንኛውም የቆዳ ሕመም ሰው የሚሄድበት ሆኗል።

አሁን ወደ ቅንጭቡ እንመለስ። ጉዳት የሌለውን ነጥብ እናጠፋለን ሲሉ ጉዳት የሚያተርፉ ብዙ ናቸው። የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃንን እስከማሳጣት ይደርሳል። ከዓይን ሥር ለወጣ ነጥብ ይህን መቀባት ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ አስቡት። ሌላው የፈረስ ጭራ አጥብቆ ያስርበታል፣ ሌላው ብረት አግሎ ይተኩሳል፣ የባትሪ ውሃ በክብሪት እንጨት የሚያስነካም አለ። አንዱ ምላጭ ለብዙ ሰው ሲውል የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ አብሮ ይዞራል። በዚህ ዘመን ደግሞ በሞባይል ስልክ የሚተዋወቁ «ነጥብ አጥፊ» ቅባቶች መጥተዋል፤ ከውስጣቸው ምን እንዳለ ሻጩም የሚያውቅ አይመስለንም። የእኛ የጥቁሮች ቆዳ ደግሞ ሲቃጠል ዝም አይልም። ወይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ወይ ከበፊቱ ይጠቁራል፣ ወይ ጠባሳው አብጦ ከነጥቡ የበለጠ ይጎላል።

ሐኪም ዘንድ ሌላ መንገድ አለ። በኤሌክትሪክ መሣሪያ በጥንቃቄ ማቃጠል፣ በትንሽ መሣሪያ መፋቅ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ የተለመዱ ናቸው። ሆኖም ጥሩ ሐኪም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የቆዳውን ቀለም ይመለከታል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ማቀዝቀዙ ነጭ ነጥብ ሊተው ስለሚችል። ብዙ ጊዜም «ተዪው፣ ምንም አይልሽም» ብሎ ይመልሳል። ሰው በዚህ ይከፋል። ሐኪሙ የናቀው ይመስለዋል። እኛ ግን አንዳንዴ ትልቁ ሕክምና ይኸው ይመስለናል።

ይህን ሁሉ ይዘን ከዓስር ሶላት በኋላ ወደ ተማሪያችን ቤት ሄድን። ቤታቸው ከዋናው አስፋልት ወረድ ብሎ የብርቱካን አትክልት ካለበት በኩል ነው። እናቲቱ ፊቷን በሻሽ ሸፍና ቡና አቀረበችልን። የነገርናትን አንድ በአንድ ሰማች፤ መጨረሻ ላይ «ታዲያ ልጄን ደኅና ናት ትሉኛላችሁ?» አለች። ደኅና ናት አልን። «ትልቋስ?» አለች። የትልቋ ልጅ ፊት ጥርት ያለ ነው፤ እናቲቱ የምትጠይቀው ስለ ፊት አልነበረም። ለዚህ መልስ አልነበረንም።

ጥግ ላይ የተማሪያችን አያት ተቀምጠዋል። ሐጂ እንላቸዋለን፤ ዕድሜያቸውን በአትክልት ሥራ የጨረሱ፣ በረባሶ ካልሆነ ሌላ ጫማ እግራቸውን የሚከብዳቸው ሰው ናቸው። ወሬውን ሲሰሙ ቆይተው «እስቲ ይኸንንስ እዩልኝ፣ የእኔም ያው ነው እንዴ?» በማለት እግራቸውን ዘረጉ። ተረከዛቸው ላይ፣ ውስጥ እግራቸው በኩል፣ የአንድ ብር ሳንቲም ስፋት ያለው ጥቁር ነገር ነበር። ዳሩ የተቀደደ ካርታ ይመስላል፤ ገሚሱ ድፍን ጥቁር፣ ገሚሱ ሰማያዊ የቀላቀለ ግራጫ ነው። መሐሉ ላይ የማይድን ትንሽ ቁስል አለበት።

«ሐጂ፣ ይኸ መቼ ጀመረዎ?» አልናቸው።

«እኔንጃ ልጄ። እሾህ የወጋኝ መስሎኝ ነበር። ከጦርነቱ ፊት ትንሽ ነጥብ ነበረች።»

«አያምዎትም?»

«ምንም። ቢያመኝማ ዝም እል ነበር?»

ሰቦሬይክ ኬራቶሲስ ውስጥ እግር ላይ አይወጣም ብለን ነበር። ያን ጊዜ ፊታችን ሳይለወጥ አልቀረም፤ እናቲቱ ቡናውን ትታ ታየን ጀመር።

ጥቁር ሰው የቆዳ ነቀርሳ አይዘውም የሚል አባባል በሰፊው ይነገራል። እውነት የሚሆነው በከፊል ነው። ሜላኒን ከፀሐይ ስለሚከላከልልን በፀሐይ ምክንያት የሚመጣው ነቀርሳ በእኛ ላይ ከነጮች እጅግ ያነሰ ነው። (ቀለም ሳይኖራቸው የተወለዱ ወገኖቻችን ግን ይህ ጥላ የላቸውም፤ ለእነርሱ ባርኔጣና ረዥም እጅጌ እንደ ምግብ አስፈላጊ ነው።) ሜላኖማ የሚባለው፣ ከቀለም ሠሪዎቹ ሕዋሳት የሚነሣው አደገኛ ነቀርሳ ግን በጥቁር ሰው ላይ ሲመጣ የሚመርጠው ፀሐይ የማያየውን ቦታ ነው። ይኸውም ውስጥ እግር፣ መዳፍና የጥፍር ሥር ነው። ይህኛው ዓይነት በፀሐይ የሚመጣ አይደለም።

የታወቀውን ምሳሌ እናንሣ። የጃማይካው ዘፋኝ ቦብ ማርሌ በ1977 እ.ኤ.አ. የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ቁስል ወጣበት። የኳስ ጉዳት ነው ተባለ። ሲመረመር ሜላኖማ ሆነ። ሐኪሞች ጣቱ ይቆረጥ አሉት፤ እሱ አልተቀበለም፤ ጥፍሩና ሥሩ ያለው ሥጋ ብቻ ወጣለት። በ1978 ወደ አገራችን መጥቶ ሻሸመኔን ጎብኝቷል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ውስጡ ነበር። ግንቦት 11 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ ሲሞት ነቀርሳው ወደ ሳንባውና ወደ አንጎሉ ተሰራጭቶ ነበር። ካስቴላኒ ምንም የማይሉትን የፊት ነጥቦች ያየው በጃማይካውያን ላይ ነው ብለናል፤ ከዚያችው ደሴት የወጣውን ዝነኛ ሰው የገደለው ደግሞ የእግር ነጥብ ሆነ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ አሁን እግራችሁን ማየታችሁ አይቀርም። በውስጥ እግራችሁ ላይ ጠፍጣፋ ቡናማ ነጠብጣብ ብታገኙ አትደንግጡ፤ በጥቁር ሰው እግር ላይ የተለመደ ነው። በብዙ ጥፍሮቻችሁ ላይ ቀጠን ያሉ ጥቁር መስመሮች ብታዩም እንዲሁ። የሚያሳስበው ለውጥ ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ አዲስ የወጣ፣ በወራት ውስጥ የሰፋ፣ አንዱ ጎኑ ከሌላው የማይመሳሰል፣ ዳሩ የተበጣጠሰ፣ ሁለትና ሦስት ቀለም የቀላቀለ፣ ከእርሳስ ጀርባ ላጲስ የሚበልጥ፣ ወይም የሚደማና የማይድን ቁስል የሆነ ነጥብ ይታይ። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ከጥፍሩ አልፎ ሥጋውን ያጠቆረ መስመርም እንዲሁ። ሕመም አለመኖሩ ማረጋገጫ አይደለም። ሜላኖማ መጀመሪያ ላይ አያምም፤ ሐጂንም ያዘናጋቸው ይኸው ነው።

ሐጂ እግራቸውን በቀን አምስት ጊዜ ያጥባሉ። በጣቶቻቸው መሐል ውኃ ያስገባሉ፣ ተረከዛቸው ደረቅ እንዳይቀር ይጠነቀቃሉ። ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ አድርገዋል። ሌላው ሰው በዓመት አንዴ የማያየውን የአካል ክፍል እኛ በየዕለቱ በእጃችን እንነካዋለን፤ ዓይናችን ግን ከእጃችን ጋር አይሄድም። መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን ተረከዛችንን ያዩ ነበር፤ ውኃው መድረሱን ለማረጋገጥ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ጁምዓ ጠዋት፣ ልጆች የአያቶቻቸውን እግር ገልብጠው ቢያዩ ከዚህ የተለየ ጊዜ አይወስድም። ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ውስጥ እግሩን ማየት አይችልም።

ሐጂን ወደ ሐኪም ለመውሰድ ቀላል አልሆነልንም። በ2013 ዓ/ም መጨረሻና በ2014 ዓ/ም መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን በያዘበት ወቅት የጤና ተቋሞቻችን ተዘርፈው ነበር። በዚያን ጊዜ እግራቸውን ለማን ያሳዩ? ከዚያ በኋላ ግን የቀሩት ራሳቸው ናቸው። አሁንም የመለሱልን «ነቀርሳ ቢላ ከነካው ይዛመታል» የሚለውን ነው። ይህን አባባል ያልሰማ የአካባቢያችን ሰው የለም። ከየት እንደመጣም መገመት ይቻላል፤ ሰዉ የሚሄደው ከረፈደ በኋላ በመሆኑ ከቀዶ ጥገና በኋላ ሲሞት ሞቱ በቢላው ይሳበባል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሐኪሞች ሜላኖማው ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደዘለቀ በሚሊ ሜትር ይለካሉ። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሳለ ተቆርጦ ከወጣ አብዛኛው ሰው ይድናል፤ በጠለቀ ቁጥር ግን ወደ ንፍፊትና ወደ ሳንባ የመሄድ ዕድሉ ይጨምራል። ያን ርቀት የሚጨምረው የምንዘገየው ጊዜ ነው።

አክስቲቱ ናቸው ያሳመኗቸው። ፎጣ ለይ ያሉት እኚሁ ሴት ናቸው። «አባባ፣ የልጅቱን ፊት ለቅንጭብ ስንሰጥ ዝም ያልከን አንተ ነህ፤ አሁን የራስህን እግር ለሐኪም ስጥ» አሏቸው። ንግግሩ ከበድ ይላል፤ ግን ሠራ።

መጀመሪያ ወልድያ፣ ከዚያ ከመርሳ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ደሴ ሄዱ። ናሙና ተወሰደና በማይክሮስኮፕ ታየ። ውጤቱ የፈራነው ነበር። አዲስ አበባ ሄደው ተረከዛቸው ላይ ያለው ሁሉ፣ ዙሪያው ካለው ደኅና ቆዳ ጋር፣ ተቆርጦ ወጣ፤ ከጭናቸው ተወስዶ የተተካው ቆዳም ያዘ። ጥልቀቱ ከ1 ሚሊ ሜትር አልፎ ነበር። በብሽሽታቸው እስካሁን ያበጠ ንፍፊት አልተገኘም፤ አልሐምዱሊላህ። በየሦስት ወሩ እየተመላለሱ ይታያሉ፤ ለትራንስፖርቱ አንድ ጥማድ በሬ ተሽጧል።

ሶላታቸውን ለጊዜው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰግዳሉ። ጁምዓ ጠዋት ተማሪያችን የቀረውን ደኅናውን እግራቸውን ገልብጣ ታያለች፤ እሳቸውም በዚያው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው የእሷን ጉንጭ ይመለከቱና «ያንቺ ኑግ ዘንድሮም አፍርቷል» ይሏታል። እናቲቱ ቅንጭቡን ከአጥሩ ነቅላለች። የሐጂ ቀጣይ ቀጠሮ በመጪው ወር ነው፤ በዱዓችሁ አስቧቸው።